የቆላ ነጠላ፤ አመራረጡና አያያዙ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የደሴን መንገድ ይዞ የሚጓዝ መንገደኛ ደብረ ብርሃን ሲደርስ ጋቢውን ሰብሰብ አድርጎ ይከናነባል። ጣርማ በር ላይ፣ ኢጣልያኖች ተራራውን ፈልፍለው ባወጡት ዋሻ አፍ፣ ጉሙ ይቀበለዋል፤ ጋቢው አልበቃው ብሎ የመንዝ ባና በደረበው ሰው ይቀናል። ዋሻውን አልፎ ቁልቁለቱን ሲያያዘው ግን ነገሩ ይለወጣል። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዝቶ ተመልሶ ሲሳፈር ጋቢው ከትከሻው ወደ ጭኑ ይወርዳል። ጥቂት ቆይቶ ሹራቡ ይወልቃል፤ የአውቶቡሱ መስኮት ይከፈታል። ሸዋ ሮቢት ሲገባ በላዩ ላይ የቀረው አንድ ስስ ልብስ ብቻ ነው፤ እርሱም ከብዶታል።

ከዋሻው እስከ ሸዋ ሮቢት ያለው መንገድ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዋሻው ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር በላይ ሲሆን ሸዋ ሮቢት ከ1300 ሜትር ብዙም አይርቅም። አንድ ሺህ ሜትር በወረዱ ቁጥር የአየሩ ሙቀት ስድስት ዲግሪ ያህል ስለሚጨምር፣ መንገደኛው በአንድ ረፋድ ውስጥ ከአሥር ዲግሪ የሚበልጥ ልዩነት ያልፋል ማለት ነው። ሌላው ዓለም በወራት የሚያልፈውን የአየር ለውጥ የሰሜን ሸዋ ሰው ቁርስ በልቶ ምሳው ሳይደርስ ያልፈዋል።

የልብስን ጠባይ ለማወቅ ከዚህ መንገድ የተሻለ ትምህርት ቤት አይገኝም። ሆኖም በየዓመቱ ወደ ቆላው ተመድበው የሚወርዱ መምህራን፣ የጤናና የግብርና ሠራተኞች ስለ ውኃው፣ ስለ ወባውና ስለ ቤት ኪራዩ ይመከራሉ እንጂ ስለሚለብሱት የሚነግራቸው የለም። ከደጋ አገር የወጣች አንዲት ወጣት መምህርት ሻንጣዋን ስትከፍት የሚገኘው ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ሁለት ወፍራም ቀሚስ፣ አንድ ሹራብና እናትዋ ‹‹ሰው ፊት አትፈሪበት›› ብላ የገዛችላት ጥለቱ ሰፊ፣ መልኩ የሚያብለጨልጭ ነጠላ። ያ ነጠላ በመጀመሪያው ሳምንት አንገቷ ላይ ይጣበቃል፤ በሁለተኛው ሳምንት ሽፍታ ያመጣል። በሦስተኛው ሳምንት አከራይዋ፣ እድሜ የጠገቡ የይፋት ሴት፣ ጨርቁን በሁለት ጣታቸው ዳበስ አድርገው ‹‹ልጄ፣ ይኼ እኮ ጥጥ አይደለም፤ ላስቲክ ነው ያለበሱሽ›› ይሏታል።

እኒያ ሴት በአንድ ጣት ዳሰሳ የለዩትን ነገር ለመለየት የሚችል ሰው ዛሬ እያነሰ ሄዷል። የዚህም ንግግር ጉዳይ ይኸው ነው። ወፍራም ልብስ ስህተትን ይሸከማል፤ ጋቢ ክሩ ጥሩ ባይሆን እንኳ ከብርድ ያድናል። ስስ ልብስ ግን የሚሸሽግበት ቦታ የለውም፤ በክሩ፣ በአሠራሩና በአያያዙ ላይ ያለው ጉድለት ሁሉ ወዲያው በለባሹ ገላ ላይ ይነገራል።

ስለ ስስ ልብስ ብዙ ያሰቡ ሕዝቦች ሲጠቀሱ ጃፓኖችን መዝለል አይገባም። ኪሞኖ የተባለው ልብሳቸው ገበር ያለውና ገበር የሌለው ተብሎ ይከፈላል። ገበር የሌለው የሞቃት ወራት ኪሞኖ ‹‹ሂቶኤ›› ይባላል፤ የቃሉም ትርጉም አንድ ድርብ፣ በእኛ አነጋገር ‹‹ነጠላ›› ማለት ነው። ሁለት የማይተዋወቁ ሕዝቦች ለቀላል ልብሳቸው አንድ ዓይነት ስም ማውጣታቸው የሚያስገርም አይደለም፤ ሙቀት የሚያስተምረው ትምህርት በየትም አገር አንድ ነውና። እንደ ቀድሞው ሥርዓታቸው ከኦክቶበር እስከ ሜይ ገበር ያለው ይለበሳል፤ በጁንና በሴፕቴምበር ሂቶኤ ይወጣል፤ በጁላይና በኦገስት ደግሞ ‹‹ሮ›› እና ‹‹ሻ›› የተባሉት፣ በድርና በማጋቸው መካከል አየር የሚያሳልፉ ወንፊት መሰል ጨርቆች ይለበሳሉ። ከጥጥ የሚሠራው ‹‹ዩካታ›› የበጋ ምሽት ልብስ ነው። ጃፓናዊው ልብሱን የሚለውጠው የዘመን መቁጠሪያ አይቶ ነው፤ የይፋት ሰው ግን መንገድ አይቶ ነው። ገበያውን ደጋ፣ እርሻውን ቆላ ያደረገ ገበሬ በአንድ ቀን ጋቢም ነጠላም ያስፈልገዋል።

በሁለቱ አገሮች መካከል የጨርቅ ታሪክም አለ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ወደ ጃፓን መልእክተኛ ሆነው ሄደው ሲመለሱ ‹‹ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን›› የተባለውን መጽሐፍ አሳትመዋል። በዚያው ዘመን፣ ከኢጣልያ ወረራ በፊት በነበሩት ዓመታት፣ ዋጋው የረከሰ የጃፓን አቡጀዲ የኢትዮጵያን ገበያ አጥለቅልቆት ነበር። አቡጀዲ መጥፎ ጨርቅ አልነበረም፤ ብዙ ድኻ አልብሷል። ነገር ግን ለሸማኔውና ለፈታይዋ ከሩቅ የመጣ ብርቱ ተወዳዳሪ ነበር ማለት ይቻላል። የዛሬው ተወዳዳሪ የተለየ ነው። አቡጀዲ አቡጀዲ መስሎ ይመጣ ነበር፤ የዛሬው ፖሊስተር ግን ነጠላ መስሎ፣ ጥለት ተጥሎበት፣ ዘርፍ ተቋጭቶለት ይመጣል።

ይፋት ለጥጥ ባዕድ አገር አይደለም። ከዘይላ ወደብ ወደ መሐል አገር የሚወጣው የጥንቱ የንግድ መንገድ በዚህ ቆላ ያልፍ ነበር፤ የይፋት ሱልጣኖችም ኃይል ከዚሁ መንገድ የመነጨ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ወደ ሸዋ የመጡ የውጭ አገር ተጓዦች ከአንኮበር ግርጌ ያለውን የዓልዩ አምባን ገበያ አይተው ጽፈዋል፤ በቆላው ጥጥ እንደሚዘራም መስክረዋል። በተራራ አፋፍ ላይ የድንጋይ ቤት ሠርተው፣ ቁልቁለቱን በእርከን አርሰው የሚኖሩት አርጎባዎች ከንግዱና ከእርሻው ጋር የሸማ ሥራን ይዘው ኖረዋል። ከይፋት በስተምሥራቅ ባለው የአዋሽ ሸለቆም ጥጥ በሰፋፊ እርሻዎች ተመርቷል፤ መልካ ወረር ያለው የምርምር ማእከል ጥጥን ሲያጠና ኖሯል።

የሸማኔ ሙያ ግን እንደ ጥቅሙ ክብር አላገኘም። ጋቢውን ደርቦ በሠሪው ላይ የሚያፌዝ ሰው በየዘመኑ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሸማኔውን፣ ብረት ሠሪውንና ሌላውን ባለ እጅ መሳደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። ስድቡ ዛሬ በአደባባይ አይሰማ ይሆናል፤ ነገር ግን የሠራው ሰው ምን ያህል ቀን እንደፈጀበት ሳይጠይቁ በዋጋ መከራከር የዚያ ስድብ ታናሽ ወንድም ነው።

ስለ ዋጋ ከተነሣ የነጠላ ዋጋ በክሩ ውስጥ መሆኑን መረዳት ያስፈልጋል። ጥጡ ከፍሬው በመዳመጫ ይለያል፤ በደጋን ይነደፋል፤ ባዘቶ ይሆናል፤ ከዚያ በእንዝርት ይፈተላል። ሸማኔው ጨርቁን በጥቂት ቀን ሊጨርሰው ይችላል፤ ፈታይዋ ግን ከቤት ሥራዋ በሚተርፋት ሰዓት ልቃቂቱን ለመሙላት ሳምንታት ይፈጅባታል። ዛሬ በአብዛኛው ድሩ የፋብሪካ ክር ነው፤ ምክንያቱም ድር በመሣሪያው ላይ ተወጥሮ ስለሚንገላታ ጠንካራና እኩል የሆነ ክር ይፈልጋል። በእጅ የሚፈተለው ማጉ ነው። ‹‹ፈትል›› ተብሎ የሚሸጥ ነጠላ ማጉ የእጅ ፈትል መሆን አለበት፤ ድሩም ማጉም የፋብሪካ ጥጥ የሆነ ነጠላ በዋጋው ይረክሳል፤ እርሱም ቢሆን ጥጥ ነውና ለቆላ ይስማማል። መራቅ የሚገባው ከሦስተኛው ነው።

በእጅ የተፈተለ ክር የላላ ጥምዝ አለው። በላላው ክር መካከል አየር ይቀመጣል፤ ላብን ይጠጣል፤ የጠጣውንም ለነፋስ ይሰጣል። ላብ ሲተን ገላን ያበርዳል፤ ስለዚህ ነጠላ ለብሶ ጥላ ሥር የተቀመጠ ሰው ራቁቱን ከተቀመጠው ይልቅ ሊመቸው ይችላል። ጥጥ በተራ አየር ውስጥ ከክብደቱ 8 በመቶ ያህል እርጥበት ይይዛል፤ ፖሊስተር ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። ስለሆነም ፖሊስተር የለበሰ ሰው ላብ መሄጃ አጥቶ በገላውና በጨርቁ መካከል ይቀራል። የመምህርቷ ሽፍታ ምክንያቱ ይኸው ነው።

እንግዲህ ገዢው ከሸማ ተራ ሲገባ፣ በሸዋ ሮቢት ገበያም ሆነ በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ፣ ዐይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በጥለቱ ላይ ነው። ይህ ትልቁ ስህተት ነው። ጥለት የነጠላ ፊት ነው፤ ሰው ግን የሚለብሰው ነጩን ክፍል ነው። ነጠላውን ዘርግቶ ወደ ብርሃን ማንሣት ይገባል። በድርና በማጉ መካከል ያሉት ዐይኖች በጠቅላላው ተመሳሳይ ቢሆኑ፣ እዚህ ጥቅጥቅ እዚያ ሳሳ ያላሉ ከሆነ፣ የሸማኔው እጅ የተረጋጋ ነበር። እዚህም እዚያም አነስተኛ የክር እብጠት ቢታይ ግን አይናቅ፤ ያ የእጅ ፈትል ምልክት ነው። ፈጽሞ እንከን የሌለው፣ እንደ ወረቀት የጠራ ክር የመኪና ክር ነው። አንዳንድ ገዢ ይህን ባለማወቅ እብጠቱን እንደ ጉድለት ቆጥሮ ፈትሉን ይመልስና የፋብሪካውን በፈትል ዋጋ ይገዛል፤ ነጋዴውም አይከራከረውም።

ቀጥሎ ጨርቁን በጭብጥ ጨምድዶ መልቀቅ ነው። ጥጥ የጭብጡን ምልክት ይዞ ይቀራል፤ ፖሊስተር ወዲያው ተመልሶ ይዘረጋል። ብዙ ሰው ‹‹አይጨማደድም›› የሚለውን እንደ ምስጋና ይሰማዋል፤ ለቆላ ልብስ ግን ክስ ነው። አንድ ጠብታ ውኃ ማሳረፍም ይረዳል፤ ጥጥ ይጠጣዋል፤ ሌላው ላዩ ላይ ያንከባልለዋል። አዲስ ጨርቅ ስታርች ካለበት ለመጠጣት ሊዘገይ ስለሚችል በዚህ ብቻ መፍረድ አይገባም። የማይዋሸው ፈተና እሳት ነው። ከዘርፉ አንድ ክር ተመዞ ይለኮሳል። ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ፣ የወረቀት ጭስ ሸትቶ፣ በጣት ሲነኩት የሚበን ግራጫ አመድ ይተዋል። ፖሊስተር ከእሳቱ ይሸሻል፤ ይሰበሰባል፤ ይቀልጣል፤ ሲቀዘቅዝም እንደ ዶቃ የጠጠረ ጥቁር እንክብል ይሆናል። ሐቀኛ ነጋዴ ለዚህ ፈተና አንድ ክር አይነፍግም። የከለከለ እንደሆነ መልሱ ተገኝቷል።

ከዚህ በኋላ ወደ ጥለቱ መመለስ ይቻላል። እርጥብ ነጭ መሐረብ በጥለቱ ላይ ሲታሽ ቀለም ከያዘ፣ ያ ቀለም በመጀመሪያው እጥበት ነጩን ያበላሻል። የጥለቱ ስፋትም ለቆላ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ሰፊ ጥበብ ክሩ የጠበቀና የከበደ በመሆኑ ስሱን ጨርቅ ወደ ታች ይጎትተዋል፤ አየርም አያሳልፍም። ለሠርግ ሊያምር ይችላል። ከሰዓት በኋላ በሸዋ ሮቢት ክፍል ውስጥ ለሚቆም ሰው ግን ሁለት ጣት የማይሞላ ጥለት ይበቃል። በመጨረሻ ከጠባቡ የሸማኔ መሣሪያ የወጡት ሁለት ወርዶች የተጋጠሙበት የመሐል ስፌት ይታያል። ስፌቱ የተኮማተረ ከሆነ ነጠላው ከታጠበ በኋላ ጠማማ ይሆናል።

ወንዶችም አልተረሱም። የይፋት፣ የአርጎባና የአፋር ወንዶች የሚታጠቁት ሽርጥ ለቆላ ከተፈጠሩት ልብሶች ሁሉ ብልኅ ነው፤ ስፌቱ ጥቂት፣ ገበር የሌለው፣ ነፋስ ከታች የሚገባው ነው። ከላይ የተነገረው የእሳትና የውኃ ፈተና ለሽርጥም ይሠራል። ይህ ልብስ በአገሩ ሰው ላይ ሲያምር እያየ፣ ከደጋ የመጣው የመሥሪያ ቤት ሹም በግንቦት ፀሐይ ገበር ያለው ጥቁር ኮት ለብሶ፣ ከረባት አስሮ፣ ስብሰባውን በመሐረብ እየጠረገ ሲመራ ይታያል። ኮቱ ክብሩን ያህል ሙቀቱንም ይዞለታል።

የአለባበስ ሥርዓትም ከጨርቁ እኩል መታወቅ አለበት። ጥለቱን ወደ ፊትና ወደ ትከሻ አድርጎ መከናነብ የኀዘን ምልክት መሆኑን የማያውቅ እንግዳ በደስታ ቤት ሰውን ያስደነግጣል። ጃፓኖችም እንዲሁ ናቸው፤ ኪሞኖ ሲለበስ የግራው ክፍል በቀኙ ላይ ይደረባል፤ የቀኙን በግራው ላይ መደረብ ለሬሳ ብቻ ነው። አንድ ጨርቅ፣ አቀማመጡ ብቻ ተለውጦ፣ ሞትን ወይም ሕይወትን ይናገራል።

አሁን ወደ አያያዙ እንለፍ። በላብ የራሰ ነጠላ ታጥፎ ቢቀመጥ በማግሥቱ ይሸታል፤ በሳምንቱ ቢጫ ይሆናል፤ ያ ቢጫ ከቆየ አይለቅም። ጃፓኖች ሂቶኤውን ካወለቁ በኋላ ወዲያው አያጥፉትም፤ ጥላ ባለበት ቦታ ሰቅለው ላቡን ያስተነፍሱታል። በቆላ ከዚህም ማለፍ ያስፈልጋል፤ ማታውኑ በንጹሕ ውኃ ብቻ፣ ያለ ሳሙና፣ አለቅልቆ መስቀል ነው። ሌሊቱ ደረቅና ሞቃት ስለሆነ ጠዋት ይደርቃል። ይህን የሚያደርግ ሰው በሳሙና ማጠብ የሚያስፈልገው አልፎ አልፎ ብቻ ነው፤ ነጠላውም እድሜው ይረዝማል።

አዲስ ፈትል ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታጠብ ይሰበሰባል። ስለዚህ ቀሚስ ሊሰፋበት የታሰበ ሸማ ከመቆረጡ በፊት በቀዝቃዛ ውኃ ተነክሮ አድሮ መድረቅ አለበት፤ ይህን ሳያደርግ መቀሱን የሚያነሣ ሰው ለልጁ ቀሚስ ሰፍቶ ለአሻንጉሊት ያለብሳል። በሚታጠብበት ጊዜ በመዳፍ መካከል ይጨመቃል እንጂ አይታሽም፤ አይጠመዘዝም፤ በድንጋይ ላይ አይወቀጥም። ጥጥ እርጥብ ሲሆን ክሩ ይበልጥ እንደሚጠነክር የታወቀ ነው፤ ነገር ግን የላላው የእጅ ፈትል ሲታሽ ጥምዙ ይፈታል፤ ማጉም ከድሩ ላይ እየተንሸራተተ ነጠላው የተከፈተ ዐይን ያወጣል። በረኪና ደግሞ የፈትል ጠላት ነው። ዛሬ ያነጣል፤ ከነገ ወዲያ ይቀድዳል፤ ጥለቱንም ያጠፋል።

ለነጭ ሸማ ከጥንት ጀምሮ የታወቀው ማጠቢያ እንዶድ ነው። በደጋና በወይና ደጋ የሚበቅለው ይህ ተክል ፍሬው ደርቆና ተወቅጦ በውኃ ሲመታ አረፋ ያወጣል፤ ክርንም አያቃጥልም። አረፋው ዐይን ስለሚያቃጥል ግን ከሕፃናት መራቅ ይገባዋል። የእንዶድ ነገር ከልብስ ማጠብ አልፎ የዓለም ሳይንስ ጉዳይ የሆነው በዶክተር አክሊሉ ለማ አማካይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ አጠገብ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው የወንዝ ክፍል ቀንድ አውጣዎች በብዛት ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዝያን ትል የሚያሳድጉ ናቸው። ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ያካሄዱት ምርምር እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን አስገኝቶላቸዋል። የግኝቱ መነሻ ልብስ አጣቢ ሴቶች መሆናቸው ሁልጊዜ አብሮ ቢነገር መልካም ነው። ከዚህ የሚገኝ ሌላም ትምህርት አለ። ሞቃትና ዝግ ብሎ በሚፈስ ውኃ ውስጥ እግርን ነክሮ ልብስ ማጠብ ለቢልሃርዝያ ያጋልጣል፤ ስለዚህ በቆላ ውኃውን ቀድቶ፣ በገንዳ አድርጎ፣ ከወንዙ ርቆ ማጠብ ይመረጣል። ነጠላ ብዙ ውኃ አይጠይቅም፤ አንድ ጀሪካን ይበቃዋል።

ለማድረቅ የቆላ ፀሐይ ወዳጅም ጠላትም ነው። ነጩን ያነጣል፤ ጥለቱን ያደበዝዛል። ነጠላውን ጥለቱ ወደ ውስጥ እንዲሆን አጥፎ በገመድ ላይ ማስጣት ሁለቱንም ያስታርቃል። ከሁሉ በላይ ግን ከአጥር መጠንቀቅ ነው። የይፋት አጥር በአብዛኛው የግራር እሾህ ነው። ደጋ ላይ ልብሷን በቁጥቋጦና በሣር ላይ ማስጣት የለመደች ሴት በቆላ ያንኑ ስታደርግ፣ ነፋስ አንድ ጊዜ ሲያወዛውዘው ነጠላው በሃያ ቦታ ይያዛል። የያዘው እንደሆነም መጎተት ሳይሆን እሾሁን መስበር ነው።

ፈትል ጥቂት እርጥበት እያለው ቢተኮስ ያምራል። የከሰል ካውያ የሚጠቀም ሰው አመዱን አስቀድሞ ማራገፍና በነጠላው ላይ ሌላ ጨርቅ መደረብ አለበት፤ አንዲት ብልጭታ የሳምንታትን ፈትል ትበሳለች። በካውያው ሥር የሚኮማተርና የሚጣበቅ ከሆነ ግን በገበያ ያልተደረገው የእሳት ፈተና አሁን በቤት ተደርጓል ማለት ነው።

በማስቀመጡ ረገድ የቆላው ባላጋራ ምስጥ ነው። መሬት ላይ የተቀመጠ የእንጨት ሣጥን ከሥሩ ተበልቶ፣ ከላይ ደኅና መስሎ ሊቆይ ይችላል፤ ባለቤቱ ለበዓል ሲከፍተው አፈር ያገኛል። ሣጥኑን በድንጋይ ወይም በብረት እግር ላይ ከፍ ማድረግና ከግድግዳው ማራቅ ያስፈልጋል። ነጠላው ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ቢገባ ይሻግታል። የወይራ ጭስ ማጠን ልብሱን ሽቶ ያለብሰዋል፤ ነገር ግን ጭሱ የበዛ እንደሆነ ነጩን ያጠይመዋልና መጠን ያስፈልገዋል። ጃፓኖች ከዝናቡ ወራት በኋላ ደረቅ ቀን መርጠው ልብሳቸውን ሁሉ ከሣጥን አውጥተው ነፋስ ያስመቱታል። በእኛም ዘንድ ክረምቱ ሲወጣ፣ ለመስቀል ልብስ በሚፈለግበት ሰሞን፣ ሣጥኑን እስከ ወለሉ አራግፎ ማየት የቆየ ልማድ ነው፤ ሊጠበቅ ይገባዋል።

ሣጥን ከተነሣ አንድ ነገር ሳይነገር አይታለፍም። በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በአካባቢዋ፣ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ በሸዋ ሮቢት በደረሰው ጥፋት ብዙ ቤተሰብ የለበሰውን ብቻ ይዞ ሸሽቷል። ከጥፋቱ በኋላ የብርድ ልብስና የተሰፋ ልብስ በእርዳታ መተካት ይቻላል፤ ተተክቷልም። የእናት ፈትል ግን በእርዳታ አይመጣም። ለልጅ ሠርግ ተብሎ ለዓመታት የተፈተለ ልቃቂት ከጠፋ፣ እንደገና ለመጀመር እንዝርት የምታሾር እጅ ያስፈልጋል፤ ያች እጅ ደግሞ በየዓመቱ እያረጀች፣ ተተኪዋም እያነሰች ናት። ለዚህ ነው ለቆላ ከሚመደበው ሠራተኛ መካከል አንዱ እንኳ ፖሊስተሩን ትቶ ፈትል ቢጠይቅ፣ ጥያቄው በሸማኔው በኩል አልፎ እስከ ፈታይዋ የሚደርሰው።

ሁሉም ፈትል ይግዛ ማለት ግን የሰውን ደመወዝ አለማወቅ ነው። ለአዲስ ተቀጣሪ የሚበጀው ሁለት የፋብሪካ ጥጥ ነጠላ ለየዕለቱ ገዝቶ፣ ለአንድ ፈትል ደግሞ ቀስ ብሎ መቆጠብ ነው። ፈትሉም የበዓል ብቻ ተደርጎ ከሣጥን ሣጥን አይዙር፤ በየጊዜው ሲለበስና ሲታጠብ ክሩ እየለሰለሰ፣ ለገላ እየተስማማ ይሄዳል። በሣጥን ያረጀ ነጠላ በእጥፉ መሥመር ላይ ይቀደዳል፤ ስለዚህ ሲታጠፍ መሥመሩን በየጊዜው መለዋወጥ ያስፈልጋል።

ቀዳዳ ሲወጣ ከዘርፉ ከተመዘዘ ክር በቀጭን መርፌ ይሸመናል እንጂ ጨርቅ አይለጠፍበትም፤ መለጠፊያው ከስሱ ጨርቅ ስለሚከብድ ዙሪያውን ይቀድደዋል። ጫፉ ሲያልቅ ጥለቱ ተፈትቶ ወደ አዲስ ነጠላ ሊዛወር ይችላል። የጃፓን እናቶች ያረጀ ዩካታን ለሕፃን የሽንት ጨርቅ ያደርጉት ነበር፤ ብዙ ጊዜ የታጠበ ጥጥን ያህል ለሕፃን ገላ የሚለሰልስ ነገር የለምና። የይፋት እናትም ከዚህ የተለየች አይደለችም። ያረጀው ነጠላ በመጀመሪያ የሕፃን መጠቅለያ ይሆናል፤ ከዚያ የእንጀራ መሸፈኛ ይሆናል፤ ከዚያ የቅቤ ማጥሪያ፤ የመጨረሻው ቁራጭ ተገምዶ የኩራዝ ክር ሆኖ ይነድዳል።